ከሰባት ቋጠሮ በታች

ሜጋ ከተማ ከተከራየሁበት ቤት ፊት ለፊት መኪና የሚያጥቡ ጎረምሶች አሉ። በቅርቡ ተዋጥተው አንዲት የቤንዚን ሞተር ገዙና መሬት ውስጥ ከተቀበረ ታንከር ውኃ መሳብ ጀመሩ። አንድ ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመሄድ በሬን ስከፍት የሞተሩ ጭስና የረጠበ አፈር ሽታ ተቀላቅለው ፊቴን መቱኝ። ሁለቱ ለየብቻቸው ምንም አያደርጉኝም፤ የሞተር ጭስ በየመንገዱ አለ፣ የረጠበ አፈርን ሽታ ደግሞ ቆላ ያደገ ሰው አይጠላውም። ሲቀላቀሉ ግን አልችልም። በሩን መልሼ ዘግቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈኝ፤ ለርዕሰ መምህሩ ሆዴን አሞኝ ነው ብዬ ነገርኩት።

ያመመኝስ እትዬ ዘይነባ ናት። ነገሌ ቦረና ሳድግ ጎረቤታችን፣ የእናቴ ወዳጅ፣ የከተማው ፓምፕ ሻጭ ነበረች። አንድያ ልጇ ሰሚር የሞተው እኛ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እዚያ እንዲወርድ የለመንኩት እኔ ነኝ። ይኼን ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሷ ደግሞ እስክትሞት ድረስ ለማንም አልተናገረችብኝም። ባለመናገሯ ምን እንዳጣች ልጻፈው፤ በአፌ ስጀምረው ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቋረጥብኛል።

ሱቋ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው አቧራማ መንገድ ላይ ነበረች። ከጣሪያው ባልዲና የገመድ ጥቅል ይንጠለጠላል፤ ግድግዳው ሥር ጥቁር የውኃ ጎማ ተጠምጥሞ ተከምሯል፤ ባንኮኒው ላይ ምስማር በጣሳ፣ የበር ማጠፊያ በካርቶን። ሲገቡ አዲስ ጎማና ግሪስ ይሸታል። በሩ አጠገብ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያያቸው፣ ሦስት አራት የቤንዚን ሞተሮች ተደርድረው ይቆማሉ። ከመካከላቸው ትልቁ ቀይ ሞተር በዓለም ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ የሚያምር ይመስለኝ ነበር። ገበያ በተላክሁ ቁጥር ቆሜ አየዋለሁ፤ እሷም ከውስጥ ሆና "ትርሲት፣ እንዳታገቢው፣ ቤንዚን ይጠጣል!" ትለኛለች።

ባሏ ከጉራጌ አገር ሙሽራ አድርጎ ያመጣት ጊዜ አማርኛም ኦሮምኛም አታውቅም ነበር ይባላል። እሱ ሲሞት ዘመድ ሁሉ ሱቁን ሽጪና አገርሽ ግቢ አላት። እሷ ግን ሰሚርን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ የሱቁን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ባንኮኒው ኋላ ቆመች። እኔ ሳውቃት ሁለቱንም ቋንቋ እያቀላቀለች እንደ ልቧ ትሟገትባቸው ነበር። ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች የሚሏት ወንዶች አይጠፉም። "እናንተ የምታውቁት ድምፁን ነው" ትላቸዋለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

አንድ ወግ ነበራት፤ የገዢውን ጉድጓድ በራሷ ገመድ ሳትለካ ፓምፕ አትሸጥም። በየሜትሩ የተቋጠረ ረጅም የቃጫ ገመድ ነው፤ ጫፉ ላይ ትልቅ ብሎን ታስሮበታል። ገዢ ሲመጣ ገመዱን በዘንቢል ይዛ፣ ሻርፗን አጥብቃ፣ ሱቋን ዘግታ ተከትላው ትሄዳለች። ብሎኑን ጉድጓዱ ውስጥ ለቅቃ፣ ውኃውን ሲነካ ጆሮዋን አዘንብላ ሰምታ፣ ገመዱን ስትስብ ቋጠሮውን በጣቶቿ ትቆጥራለች። አንድ ጊዜ ወደራ ከሚባለው ከተማ የመጣ ባለሆቴል ቀዩን ትልቁን ሞተር ካልገዛሁ አለ።

"ጉድጓድህ ስንት ነው?" አለችው።

"ጥልቅ ነው። ለዚያ አይደል ትልቅ ሞተር የምፈልገው?"

"ወላሂ አልሸጥልህም። ሞተር ሲገፋ ጎበዝ ነው፣ ተራራ ያወጣልሃል። ሲስብ ግን ሰነፍ ነው። ከሰባት ቋጠሮ በታች ያለ ውኃ ቢያጓራ ቢያጓራ አይመጣለትም።"

ሰውዬው ተሳድቦ ሄደ። ከሌላ ቦታ ገዝቶ ሞተሩ ጠብታ ሳያወጣ መቅረቱን በኋላ ሰማን፤ በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ ስለ ሞተሩ ሳያነሣ ከእሷው የእጅ ፓምፕ ገዛ። እሷም ያለፈውን አላነሣችበትም። ይኼ ጠባይዋ፣ የሰውን ስህተት አለማንሣቷ፣ በኋላ ለእኔ ምን ያህል እንደሚተርፈኝ ያኔ አላውቅም ነበር።

አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ደርግ ወድቆ ጽሕፈት ቤቱ ሲፈርስ ከሥራ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልኖረም። እናቴ አስቴር ከጎንደር የመጣች ሴት ናት፤ ከአባቴ የተረፋት ቤቱና ሰፊው ጓሮ ብቻ ነበር። ጓሮውን ጎመንና ቆስጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ አደረገችው፤ ዳርዳሩን ፓፓያ ተከለችበት። እኔና ታናሽ ወንድሜ የበላነው፣ የለበስነው፣ የተማርነው ከዚያ ጓሮ ነው። ጓሮው ከደረቀ ሌላ የምንኖርበት ነገር የለንም።

ጉድጓዱን የቆፈረልን ጉዮ የሚባል የቦረና ሰው ነው። አባቶቹ ከጥልቅ ኤላ፣ ከትልልቁ ጉድጓድ ማለት ነው፣ ውኃ የሚያወጡት ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ በየመቆሚያው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ በመቀባበል ነው። ስለዚህ የእኛንም ሲቆፍር እስከ ስምንት ቋጠሮ ወርዶ ለአንድ ሰው የሚበቃ መቆሚያ በጎን ፈለፈለበት። እናቴ ሳቀች።

"ጉዮ፣ እኛ እኮ በገመድ ነው የምንቀዳው። መቆሚያው ምን ያደርግልናል?"

"ኤላ ሰው የሚቆምበት ከሌለ ኤላ አይደለም" አላት ኮስተር ብሎ። "ቀዳዳ ነው።"

ውኃው በአሥራ ሁለት ቋጠሮ ተገኘ። ከጉድጓዱ ሌላ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የምናጠራቅምበት በሲሚንቶ የተለሰነ የመሬት ውስጥ ገንዳ ነበረን፤ ነገሌ ላይ ቢርካ እንለዋለን። እናቴ ባልዲ መጎተት ወገቧን ሲቆርጣት፣ ቆጥባ ቆጥባ እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄደች፤ ያየችውም እንደኔው ቀዩን ሞተር ነበር። እትዬ ዘይነባ ገመዷን ይዛ መጣች። ለካች። ቢርካውን ዞራ አየች፣ ከቢርካው እስከ ጎመኑ ድረስ በእርምጃዋ ሄደች፣ አፈሩን በጣቷ ፈትጋ አየች። ከዚያ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ከእናቴ ጋር ግማሽ ቀን አወሩ፤ እኔ አጠገባቸው ሆኜ ሰማሁ።

"ለጉድጓዱ ሞተር አይሆንሽም፣ ሩቅ ነው። ለቢርካው ደግሞ ሞተር አያስፈልግሽም፤ በአንድ ጠዋት ጠጥቶ ይጨርሰዋል፣ ቤንዚኑም ጎመንሽን ይበላዋል። ሁለት ነገር ነው የምሰጥሽ። ከጉድጓዱ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ወደ ቢርካው የሚያወጣ አንድ። ከቢርካው ወደ ጎመኑ በአንድ ሰዓት የሚገፋ አንድ። ጉድጓድሽ ቀስ ብሎ ነው የሚያመነጨው፣ አታስቸኩዪው። ቢርካው ያጠራቅምልሽ።"

ለጉድጓዱ የገመድ ፓምፕ አቆመችልን። ትልቅ የብረት መዘውር ነው፤ ሲዞር ክብ የታሰረ ገመድ በቱቦ ውስጥ ይወጣል፤ ገመዱ ላይ የተሰኩት የጎማ ክቦች ውኃውን ተሸክመው ይመጣሉ። ክቦቹን ከአሮጌ ሸበጥ ቆርጣ ሠራቻቸው፤ የእኔም ሰማያዊ ሸበጥ ዕጣው ደርሶት እየተቆራረጠ ጉድጓድ ገባ። ለቢርካው ደግሞ በእግር እንደ ደረጃ የሚረገጥ ፓምፕ ሰጠችን፤ እናቴ በየማታው እሱን እየረገጠች ጎመኗን ታጠጣለች። ጠዋት ጠዋት መዘውሩን የማዞረው እኔ ነበርኩ። ቋጠሮ መቁጠርንም እትዬ ዘይነባ ያኔ አስተማረችኝ። በየወሩ የውኃውን ልክ እየለካሁ ሱቅ ሄጄ እነግራታለሁ፤ "ይቺ ልጅ ሱቄን ትወርሰኛለች" እያለች ለገበያተኛው ሁሉ ታወራልኛለች። የዚያን ጊዜ ኩራቴን ሳስበው አሁን ያሳፍረኛል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ጋና የምንለው የበልጉ ዝናብ ቀረ። ቀጥሎ ሃጋያ የምንለው የጥቅምቱም ቀረ። ከገጠር የመጡ ከብቶች አጥንታቸው እየተቆጠረ በከተማው መሐል ያልፉ ነበር፤ አንዳንዶቹ አያልፉም፣ እዚያው ይወድቃሉ። ቢርካችን ከጣሪያ ምንም አይወርድለትም፤ የጉድጓዱ ውኃም ወደ አሥራ አራት ቋጠሮ ሸሸ። መዘውሩን ከንጋት እስከ ቀትር ባዞር ለግማሹ ጎመን አይበቃም። ትምህርት ቤት መቅረት ጀመርኩ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ ቋጠረ። ቲማቲሙ ደረቀ፤ እናቴ ማታ ማታ ቃሪያው አጠገብ ቆማ ዝም ብላ ታየዋለች። ወንድሜን ጎንደር እናቷ ዘንድ ልትልከው እንዳሰበች ለእትዬ ዘይነባ ስትነግራት ሰማሁ።

ሰሚር ከሻኪሶ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው፣ ለአረፋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱ ሳትፈቅድለት ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ አንድ ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ወርቅ ሳይሆን የቤንዚን ሞተር ይዞ መጣ፤ ከጓደኞቹ ጋር የቁፋሮ ጉድጓድ ውኃ ሲያወጡበት የነበረ ነው። ልጅ ሆኜ ትከሻው ላይ አውጥቶ ፓፓያ ያስቀጥፈኝ ነበር። አጥር ለአጥር ስለሆንን በመጣ በማግስቱ መዘውሩን ሳዞር አይቶኝ ገባ፤ መዳፌን ገልብጦ አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ሰሚር፣ ሞተርህን አንድ ቀን ብቻ" አልኩት። "አንድ ቀን፣ ቢርካው እስኪሞላ።"

"እማ የምትለውን ረሳሽው? ከሰባት በታች አይስብም።"

"መቆሚያው ላይ ብታወርደውስ?" አልኩት። "መቆሚያው ስምንት ላይ ነው። ውኃው አሥራ አራት። ከዚያ ስድስት ብቻ ነው የሚቀረው።"

ያሰብኩት እኔ ነኝ። ቀንሼ የደረስኩበት እኔ ነኝ። ሰሚር በአድናቆት አየኝ፤ "አንቺ ልጅ እውነትም ሱቁን ትወርሺናለሽ" አለ። ሻኪሶም ሞተሩን እስከ ታች እያወረዱ እንደሚሠሩበት ነገረኝ። የሻኪሶው ጉድጓድ እንደ ግቢ የሰፋ፣ ነፋስ እንደልቡ የሚገባበት መሆኑን፣ የእኛ ግን አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ የሚነካበት መሆኑን እሱም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት።

እናቴ ገበያ ነበረች፣ እትዬ ዘይነባ ሱቋ። ሰሚር ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ጠራ፣ ሞተሩን በገመድ አስረው አወረዱት። ሰሚር ግድግዳው ላይ በተፈለፈለው እግር ማሳረፊያ እየረገጠ ወረደ። ሞተሩ ከመሬት ውስጥ ሲጮኽ እግሬ ሥር ያለው መሬት ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ ጎማው አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ቀይ ጭቃ ውኃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ያለ እኔ እጅ እንደዚያ ውኃ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። "መጣ! ሰሚር፣ መጣ!" ብዬ ጮኽኩ፤ እሱም ከታች አንድ ነገር መልሶ ጮኸ፣ ሲስቅ ሰማሁት። ሞተሩ እንዳይጠፋበት እዚያው መቆሚያው ላይ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ጎረምሶቹ ሥራቸው አልቋልና ሄዱ።

የጎማውን አፍ በቀጥታ ወደ ጎመኑ መለስኩት። መኮትኮቻ ይዤ ውኃውን መደብ ለመደብ እየመራሁ አጠጣሁ። የተኮራመተው ቅጠል ቀና የሚል መሰለኝ። እየዘፈንኩ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም፤ የማውቀው ሁለት መደብ ጎመን አጠጥቼ ሦስተኛውን መጀመሬን ነው። ጉዮ ድምፁን ሰምቶ ከመንገድ ገባ።

"አካም፣ ትርሲት። ይኼ ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"ሞተር ነው! መቆሚያው ላይ አድርገነው!"

"ሰው የት አለ?"

"ሰሚር ታች ነው፣ ይጠብቀዋል።"

ጉዮ በጉድጓዱ አፍ አጎንብሶ አየና ጭሱ ሲመታው በአንዴ ወደ ኋላ ተመለሰ። ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። የሚመልስለት ሞተሩ ብቻ ነበር። ጩኸቱን ሰምተው የተመለሱት ጎረምሶች ሊወርዱ ሲሉ ጉዮ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው፤ "ሂን ቡኢና! ማንም አይውረድ! ትንፋሽ የለም እዚያ!" እትዬ ዘይነባ በባዶ እግሯ ደረሰች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄደች፤ ጉዮ ወገቧን በሁለት እጁ ይዞ አስቀራት። ክንዱን ነከሰችው፣ አልለቀቃትም። ሞተሩ ቤንዚኑን እስኪጨርስ፣ ጭሱም እስኪሳሳ ጠበቅን። ያን ጊዜ ሁሉ ውኃው አልቆመም፤ በጎመኑ መሐል ይፈስ ነበር።

ሰሚርን በዚያው ቀን ቀበሩት።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ እትዬ ዘይነባን ሱቁ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ገመድ መሐል ተቀምጣ አገኘኋት። ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ መለመኔን፣ መቆሚያውን፣ አሥራ አራት ሲቀነስ ስምንትን። ሳልጨርስ መዳፏን አፌ ላይ አደረገች።

"ለማን ነገርሽ?"

ለማንም አልነገርኩም አልኳት።

"ለእናትሽም?"

"ለእማዬም።"

ለረጅም ጊዜ አላየችኝም። የጓዳውን ግድግዳ ነው የምታየው። ልትመታኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ እንድትመታኝም ፈልጌ ነበር። "እንዳትነግሪ" አለች በመጨረሻ። "አስቴር ይኼን ከሰማች ያንን ጉድጓድ በማግስቱ ትደፍነዋለች። አውቃታለሁ። ከዚያ ምን ትበላላችሁ? አንቺንስ በምን ዓይን ታይሻለች? አንቺ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነው፣ ሞተር ወደ ውኃው ካልቀረበ አይስብም ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለእኔ ተይው።" ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ፤ "አሁን ሂጂ ልጄ፣ ላይሽ አልችልም" አለችኝ። ሄድኩ።

አርባ ሳይሞላ ሱቋን ዘግታ ዙረት ጀመረች። በዘመኗ የለካችውን ጉድጓድ ሁሉ ታውቀዋለች፤ አንድ በአንድ ሄደችበት። በር ታንኳኳለች፣ ውስጥ ግቢ ሲሏት አትገባም፣ እዚያው ቆማ ትናገራለች፤ ለኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ለሌላው በአማርኛ፣ ሁልጊዜ ያንኑ። ሰፈራችን ውስጥ ስትናገር አጥር ተጠግቼ ሰምቻታለሁ። "ሞተር ወደ ውኃው ካልቀረበ አይስብም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ቃሌን ሰምቶ አቀረበው። ጭሱ ገደለው። ጭስ ከጉድጓድ ውስጥ አይወጣም። ሞተር ጉድጓድ አታስገቡ፤ የገባ ካያችሁም ሰው አይከተለው።" ስሜ የሚመጣበት ቦታ ላይ ትንፋሼን እይዛለሁ። አይመጣም። አንዲት ልጅ ለመነችው የሚል ቃል አንድም ቀን ከአፏ አልወጣም። በየበሩ ልጇን በራሷ አፍ ደግማ ደግማ ገደለችው፤ እኔን ግን አላስነካችም።

ችግሩ የእናቴ ገበያ ነበር። ሰው የሞተበት ጉድጓድ ጎመን ማን ይበላል? እናቴ ዘንቢሏን እንደሞላ ይዛ መመለስ ጀመረች። ጊዜ ቢሰጠው ሰው ይረሳው ይሆናል፤ እትዬ ዘይነባ ግን በየበሩ እየሄደች ታስታውሰዋለች። አንድ ቀን እናቴ እቤቷ ድረስ ሄዳ ለመነቻት።

"እትዬ ዘይነባ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ግን ልጆቼን አስቢልኝ። በየቤቱ የእኔን ጉድጓድ አትጥሪው።"

"አላቆምም፣ አስቴር። ሌላ እናት ልጇን በገመድ ስትጎትት ከማይ ይቅርታሽን ባጣ ይሻለኛል።"

እናቴ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ አንቺ ማለቷን ትታ እርስዎ ትላት ጀመር፤ እቤት ውስጥ ስታነሣት ደግሞ "ሴትዮዋ" ብቻ ሆነች። በገዛ ምክሯ ልጇን አስገድላ የእኔን እንጀራ ትዘጋለች ትል ነበር። እኔ እሰማለሁ። አንድ ቃል ብናገር እናቴ ማንን መቆጣት እንዳለባት ታውቃለች። አልተናገርኩም። መጀመሪያ እትዬ ዘይነባ ስላለችኝ ነበር፤ በኋላ ግን ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።

እትዬ ዘይነባ ገበያውን አይታ ኖሯል። አንድ የገበያ ቀን ሕዝቡ ሁሉ እያየ በቀጥታ ወደ እናቴ መደብ መጣች። ጎንበስ ብላ ጎመን መረጠች፣ ክንዷ እስኪሞላ። ከዚያ ጉድጓድ የጠጣ ጎመን ነው። አንድ ቅጠል ቀንጥባ እዚያው ቆማ በላች፣ ጥሬውን። አኝካ ለመዋጥ ስትታገል ጉሮሮዋን አየሁት። "ደህና ጎመን ነው" አለች ጮክ ብላ፣ ከፍላም ሄደች። በሚቀጥለው ገበያ ደግማ መጣች፣ በሚቀጥለውም። ቀስ በቀስ ሌሎችም መግዛት ጀመሩ። እናቴ ግን እትዬ ዘይነባ በመጣች ቁጥር ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነው የምትሸጥላት። ሰላምታ እንኳ አትመልስላትም። ይኼ ዓመታት ቆየ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ከነገሌ ስወጣም እንደዚያው ነበር።

ከሰሚር በኋላ ነገሌ ውስጥ በሞተር ጭስ ጉድጓድ ውስጥ ሞተ የተባለ ሰው አልሰማሁም። አሁን ሰዉ የፀሐይ ፓምፕ ገዝቷል፣ ውኃው ውስጥ የሚገባውን። የቤንዚን ሞተር ያለውም ቢሆን ጉድጓድ አይገባም ይላል፤ ማን እንዳስተማረው ሲጠየቅ አያውቅም። እሷም የቤንዚን ሞተር መሸጥ ትታ ገመድና ምስማር ስትሸጥ ኖረች። ነገሌ ስሄድ እጠይቃት ነበር፤ ሻይ ታፈላልኛለች፣ ተማሪዎቼን ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ስለ ሰሚር ልናገር አፌን ስከፍት "ጓሮው እንዴት ነው?" ብላ ወሬውን አዞረችብኝ።

ባለፈው ዓመት ሞተች። እናቴ ደውላ "ሴትዮዋ አረፈች" አለችኝ፤ ከሜጋ በማግስቱ ደረስኩ። እናቴም ለቅሶ ላይ ነበረች፤ ለቅሶ አይቀርምና። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረናል። ለሰፈሩ አዲስ የሆነች አንዲት ወጣት እናት ልጇን እያጠባች አጠገቧ ያለችውን በሹክሹክታ ጠየቀቻት፤ "በገዛ ቃሏ ልጇን ጉድጓድ ያስወረደችው ናት የሚሏት?"

እናቴ ናት የመለሰችው። "አዎ። በእኔ ጉድጓድ።"

"እሷ አይደለችም" አልኩ። ድምፄ እንዲያ መጮኹን አላወቅኩም። "እኔ ነኝ የለመንኩት፣ እማዬ። መቆሚያው ላይ አውርደው ያልኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ነግሬያት ለማንም እንዳትነግሪ አለችኝ። ጉድጓዱን እንዳትደፍኚው ብላ።"

እናቴ ፊቴን ስታየኝ ቆየች፤ የምትፈልገው ነገር ፊቴ ላይ ያለ ይመስል። እንድትቆጣኝ ጠበቅኩ። የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

"ጎመን ልትገዛኝ ስትመጣ" አለች ቀስ ብላ፣ "ፊቴን ሳዞርባት… ያን ጊዜ ሁሉ ታውቅ ነበር?"

"አዎ፣ እማዬ።"

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ለእትዬ ዘይነባ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስሟ እየጠራች፣ አንቺ እያለች፣ አለቀሰችላት።